ቀዳዳ ለሌለው ሳይክል የሚነቀል የፊት ፖርቶመጋላ (ዕቃ መጫኛ)

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል ትመቻለች፤ ዕቃ መያዝ ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን መሪው ላይ ፌስታል እናንጠለጥላለን። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ፌስታሉ ሲወዛወዝ መሪውን ይጎትታል፣ የጎማው ሽቦ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ያቆማችኋል።

የብዙ ሳይክሎች የፊት እግር (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ሹካ) ፖርቶመጋላ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ የለውም። መብሳት ደግሞ በፍጹም! ያዳክመዋል። መፍትሔው በፋሸታ (በብሎን የሚጠብቅ ቀለበት) ወይም በጠንካራ ማሰሪያ የሚታሰር፣ ሲፈለግ የሚነቀል ፖርቶመጋላ ነው። ከፋሸታው ስር የአሮጌ ካላማዳሪያ (አየር የሚሞላው የውስጥ ጎማ) ቁራጭ ጠቅልሉበት፤ ቀለሙ እንዳይፋቅ ያደርጋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ጭነት ሲበዛ ወደ ታች እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ምክንያቱም ተንሸራቶ ጎማው ላይ ካረፈ በመሪው በላይ ተገልብጦ መውደቅ አለ። እግሩ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ከሆነ ፋሸታ አታጥብቁበት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጭነቱን ዝቅ አድርጋችሁ ግራና ቀኙን አመጣጥኑ። የፍሬን ሽቦው እንዳይቆነጠጥ መሪውን ወዲያና ወዲህ አዙራችሁ እዩ። እኔ ወደ ጢስ ዓባይ ስሄድ (30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ከፊት የምጭነው ውሃና ልብስ ብቻ ነው፤ ከባዱ ወደ ኋላ። ትንሽ እንደሄዳችሁ ደግሞ ቆም ብላችሁ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፤ ኮረኮንቹ ያላላቸዋል።