ቅጠሉ ተለቀመ፤ ውሃው ግን አልተቀነሰም

ካናቢስ (ዕፀ ፋርስ) በማምረት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ስለ ቅጠል ለቀማ፣ ማለትም ምርቱ የሆነው እምቡጥ እንዲሞላ ከቆመው ተክል ላይ ቅጠል ስለ መቀነስ፣ የራሱ እምነት አለው። አንዱ አበባ የያዘ ተክል አንድም ቅጠል አይነካበት ይላል፤ ሌላው ዘንጉና እምቡጡ ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ይለቅማል። ኮሎራዶ ውስጥ፣ በዴንቨር ከተማ፣ በግዛቱ መንግሥት ፈቃድ በሚሠራ አንድ ማምረቻ ተቀጥሬ ስሠራ የሁለቱንም ወገን ክርክር በየዕለቱ እሰማ ነበር። በጊዜው ማንም ያልተከራከረበት ሌላ ነገር ግን አንድ ሙሉ ክፍል ተክል ጎዳብን።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 2012 የኮሎራዶ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ካናቢስ ለአዋቂዎች እንዲፈቀድ ወሰነ፤ የሱቅ ሽያጩ በጃንዋሪ 2014 ተጀመረ። በአገራችን ዕፀ ፋርስ ማምረት በወንጀል ያስቀጣል። እዚያ ግን ሠራተኛው ከግዛቱ መንግሥት የተሰጠውን መታወቂያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይገባል፤ እያንዳንዱ ተክል መለያ ቁጥር ይታሰርበታል፤ የተለቀመው ቅጠል እንኳ ተመዝኖ ይመዘገብና ማንም እንዳይጠቀምበት ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ይጣላል። የዚህ ሚዛን መዝገብ ኋላ ላይ ጠቅሞናል።

ይህን ሥራ ለሚያስቡ ወገኖች ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው አንድ ነገር አለ። ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አልፈቀደም። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ያወጣው መመሪያ፣ በካናቢስ ሥራ የተሰማራ ሰው በግዛቱ ሕግ መሠረት ቢሠራ እንኳ የዜግነት ማመልከቻው በመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ሊወድቅ እንደሚችል ይናገራል። እኔ የገባሁት ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ስለ ሥራው ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ቅድሚያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።

ወደ ቅጠሉ ልመለስ። በቤት ውስጥ የሚመረት ካናቢስ አበባ የሚይዘው መብራቱ በቀን 12 ሰዓት በርቶ 12 ሰዓት ሲጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ተክሉ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ መመዘዙን ሲያቆም እምቡጡ መሙላት ይጀምራል። ቅጠል የሚለቀመውም በዚህ መሸጋገሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ21ኛው ቀን ገደማ ነው። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ ብርሃን ወደ ታች እንዲገባ ነው ይላል። እውነት ነው፤ እኔ ግን የአየሩን ጉዳይ አስቀድማለሁ። ቅጠል በቅጠል ላይ ሲደራረብ በመካከሉ ያለው አየር አይንቀሳቀስም። መብራቱ ጠፍቶ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ከፍ ይላል፤ ያኔ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ነጭ ሻጋታ ቅጠሉን ያለብሰዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ግራጫው ሻጋታ ይመጣል። እምቡጡ ከውጭ ያማረና የጠነከረ ነው፤ ከመካከሉ አንዲት ትንሽ ቅጠል ብቻ ደርቃ ትታያለች። ሳብ ሲያደርጓት ያለ ምንም ትግል ትወጣለች። እምቡጡን ከፈት ሲያደርጉት ውስጡ ቡናማ ብስባሽ ነው። ይህን በእጁ የያዘ ሰው ቅጠል ለቀማን አይንቅም።

በዚያ ወቅት የአበባ ክፍሎቹ ኃላፊ ለቦታው አዲስ ነበር። ከዚህ በፊት በሠራበት ማምረቻ ተክሉን ሙልጭ አድርገው እየለቀሙ ጥሩ ምርት ሲያገኙ አይቷል፤ ያዘዘንም በቅን ልብ ነው። በአንደኛው ክፍል ያለውን ሰፋፊ ቅጠል ሁሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀን አንሡት አለን። እኔ የላይኛው ይቅር ብዬ ተከራከርኩ። አገር ቤት በሆለታ የጽጌረዳ እርሻ ስሠራ፣ አበባ የማይወጣውን ደካማ ቀንበጥ እንኳ ቆርጠን አንጥልም ነበር። ወደ መተላለፊያው ጎንበስ አድርገን እናጥፈዋለን፤ ቅጠሉ እዚያው ሆኖ ምግብ እያዘጋጀ ሌላውን ይመግባል። ይህን ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ፤ ውሳኔውን ግን አልለወጠም።

ለቀምን። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስንሻገር መቀሱን አልኮል ውስጥ እየነከርን ከጠዋት እስከ ማታ ለቀምን። ስንጨርስ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላኛው ያለ ከልካይ ይታይ ነበር።

መጀመሪያ ምንም ችግር አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የቀሩት ትናንሽ ቅጠሎች ጫፋቸውን ደፉ። የመስኖ ሠራተኛው ይህን ሲያይ ተክሉ የተጠማ መሰለው፤ ማንም ቢሆን ይመስለዋል። በጠብታ መስኖው መቆጣጠሪያ ላይ ደቂቃ ጨመረ። ቅጠሉ ይበልጥ ደፋ። እንደገና ጨመረ።

አብረውን የሚሠሩ አንዲት ጠና ያሉ የአገራችን ሴት ነበሩ፤ ሐበሾቹ ሁላችን እትዬ ነው የምንላቸው። በዚያ ጠዋት የመቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ሳያዩ በቀጥታ ወደ ረድፉ ገቡና አንዱን ባልዲ ከነተክሉ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው መልሰው አስቀመጡት። ቀጥለው ሌላውን አነሡ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ፣ ይህን አንሣው።»

አነሣሁት። እጅግ ይከብዳል።

«የተጠማ ነገር እንዲህ ይከብዳል?» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የጠወለገው እትዬ?»

«ውሃ በዝቶበት ነዋ! መውጫውን ቆርጠንበት መግቢያውን እያሰፋንለት ነው።»

የነገሩ ፍሬ ይህ ነበር። ተክል በሥሩ ከሚስበው ውሃ ውስጥ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሆነው በቅጠሉ ተንኖ ይወጣል። ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚስበውም ይኸው ትነት ነው። ሰፋፊውን ቅጠል በአንድ ቀን ያነሣ ሰው የመሳቢያውን ኃይል በአንድ ቀን ቀንሷል ማለት ነው፤ መስኖው ግን ባለ ሙሉ ቅጠል ተክል እንደሚያጠጣ በድሮው ልኩ ይቀጥላል። ውሃው ባልዲው ውስጥ ይቆማል፤ በሥሩ ዙሪያ አየር ይጠፋል። አየር ያጣ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ከጥማት አይለይም።

እትዬ የተናገሩትን ለማስረዳት ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። የቆሻሻውን መዝገብ አወጣሁ፤ ከዚያ ክፍል የወጣው ቅጠል ከሌሎቹ ክፍሎች ለቀማ እጥፍ ያህል ይመዝናል። እርጥበት መምጠጫ ማሽኖቹ ከክፍሉ አየር የሚሰበስቡት ውሃ ከለቀማው ቀን ጀምሮ ወርዷል፤ ተክሉ ወደ አየር የሚለቀው ስለቀነሰ ማለት ነው። በመጨረሻም አንዱን ተክል ከባልዲው አውጥተን ሥሩን አየን። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። ይህ ቡናማ ሆኗል፤ በሁለት ጣት ሳብ ሳደርገው ቅርፊቱ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ፤ ከውስጥ ክር የመሰለው ቀጭኑ ብቻ ተረፈ። የሥር ብስባሽ ጀምሮታል።

የክፍል ኃላፊዎቹ አለቃ የሆነው ዋናው አምራች ሦስቱንም ነገር ካየ በኋላ መስኖውን ወዲያው አስቆመ፤ ባልዲዎቹ እስኪቀሉ ድረስ ውሃ እንዳይከፈት ታዘዘ። አብዛኛው ተክል ተረፈ። ውሃ በሚጠራቀምበት ዝቅ ያለ ጥግ የነበሩት አልዳኑም፤ ተነቅለው፣ ተመዝነው፣ መለያ ቁጥራቸው ተሰርዞ ተወገዱ። የተረፉትም ቢሆኑ ሲታጨዱ እምቡጣቸው ያነሰና ላላ ያለ ነበር።

እኔን ያንገበገበኝ ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። ቢሮው ለመስኖ ሠራተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አዘጋጀ። ምክንያቱ «ያለ ትእዛዝ ውሃ በመጨመር» የሚል ነበር። ያ ልጅ ክፍሉ እንደሚለቀም የነገረው ሰው አልነበረም! ለቀማው በአንድ ሰሌዳ፣ መስኖው በሌላ ሰሌዳ ይጻፋል፤ ሁለቱን አገናኝቶ የሚያነብ አልነበረም። የጠወለገ ተክል አይቶ ዝም ቢል ኖሮ ደግሞ ለምን ዝም አልክ ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ከእትዬ ጋር ሆነን ቢሮ ገብተን ይህን ተናገርን። በዚህ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ተነሥቶ፣ ለቀማውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ለመስኖ ያላሳወቅሁትም እኔ ነኝ አለ። ማስጠንቀቂያው ቀረ። በሐሳብ ባልስማማም ሰውየውን ከዚያ ቀን ጀምሮ አከብረዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ። የተለቀመው ቅጠል ክብደት በዚያው ዕለት በክፍሉ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይጻፋል፤ የመስኖ ሠራተኛው አይቶ ሳይፈርም ቀጣዩ ውሃ አይከፈትም። ለቀማው በአንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ የቀናት ልዩነት ባለው ሁለት ዙር ሆነ። በመጀመሪያው ዙር ብርሃን የማያገኘው የታችኛውና በውስጥ የታፈነው ቅጠል ይነሣል፤ በሁለተኛው እምቡጥ የሚሸፍነው። በየረድፉ ምልክት የተደረገባቸው ባልዲዎች ከለቀማው በፊትና በኋላ በሚዛን ይመዘናሉ፤ ውሃ የሚሰጠውም ክብደታቸው ሲወርድ ነው። እምቡጡ መሙላት ከጀመረ በኋላ ግን ከቢጫውና ከደረቀው በስተቀር አረንጓዴ ቅጠል አንነካም።

ሰፋፊው የላይኛው ቅጠል ይቅር ወይስ ይነሣ በሚለው ላይ እኔና ኃላፊው እስካሁን አልተስማማንም። አጭርና ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድገው ዝርያ ላይ እርሱ እውነት አለው፤ እዚያ ካልተለቀመ ሻጋታው አይቀርም። ቅጠሉ ቀጭን፣ ቅርንጫፉ የተራራቀ ዝርያ ላይ ግን ብዙ ማንሣት ትርፉን አላየሁም። ስለዚህ በየዝርያው እየለየን እንሠራለን። የመስኖ ሠራተኛው በለቀማ ቀን አብሮን ይገባል፤ ከረጢቶቹ ሚዛን ላይ ሲወጡ አጠገቡ ቆሞ ኪሎውን ራሱ ያነብባል፤ የመስኖውን ደቂቃም የሚቀንሰው ከክፍሉ ሳይወጣ ነው።