ከቦርከና በታች

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ፈተና ደርሷል፣ ደብተሩ ተዘርግቷል፣ ልቤ ግን እዚህ የለም። ከዚያ ከፍሳሽ ማጣሪያው ጉብኝት ወዲህ ይመስለኛል።

ግማሹ ክላስ አፍንጫውን ይዞ ነው የገባው። እኔም ሻሼን አፌ ላይ ጠምጥሜ ነበር። ኦፕሬተሩ፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው፣ አየት አድርገውኝ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቅሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሽታው የሚብሰው መግቢያው ላይ፣ ፌስታሉና ጨርቁ ወንፊቱ ላይ የሚቀርበት ቦታ ነው። አየር የሚነፋበት ገንዳ ዘንድ ስንደርስ የሚሸተን እርጥብ አፈር ነበር።

እዚያ ብዙ ቆየን። ሰውየው ከሚፍለቀለቀው ቡናማ ውሃ በባልዲ ቀዱና አንድ ሊትር በሚይዝ ሲሊንደር ሞሉት። «30 ደቂቃ ጠብቁ» አሉን። ቡናማው ነገር መጀመሪያ ተሰባሰበ፣ ከዚያ እንደ ቡና አተላ ቀስ እያለ ወረደ። ከላይ የቀረው ውሃ ጥርት ያለ ነው። የወረደው በአብዛኛው ባክቴሪያ ነው፤ ቆሻሻውን በልቶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ የዘቀጠ። አብዛኛው ዝቃጭ ታዲያ አይደፋም፤ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ገብቶ እንደገና ቆሻሻ ይበላል። አርደንና ሎኬት የሚባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ማንችስተር ላይ በ1914 በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳዩት ይሄንኑ ነው። መጀመሪያ ፍሳሹን በአየር ብቻ ለማጥራት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። ዝቃጩን ሳይደፉ በላዩ አዲስ ፍሳሽ ሲጨምሩ ግን ጊዜው በየዙሩ እያጠረ ሄዶ 24 ሰዓት ደረሰ።

«አየሩ ቢቋረጥስ?» አለ አንዱ ልጅ።

«ባክቴሪያዎቹ ይታፈናሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ እኔም ትንፋሽ የለኝም» አሉ።

ወንዝም እኮ ይሄንኑ ሥራ ይሠራል። ቦርከና የራሱ ባክቴሪያ አለው። አየሩን ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ ይወስዳል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ500 ሜትር በላይ ነው። ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል። የደሴን ቆሻሻ በልቶ ሳይጨርስ የኛ የኮምቦልቻዎቹ ይጨመርበታል፤ የቤቱ፣ የጋራዡ፣ የፋብሪካው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም ደግሞ ባክቴሪያ በልቶ የሚያጠፋው ነገር አይደለም።

ማታ እማ ጋ ደውዬ «ሽንት ቤታችንን የሚመጠው መኪና የት ነው የሚደፋው?» አልኳት። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ራት በልተሻል?» አለችኝ። ደጋግሜ ጠየቅኋት። «ወደ ታች ይሄዳል መሰለኝ» አለች።

ወደ ታች እኮ እኛ ነን።

ክፍል ውስጥ የስትሪተርና የፌልፕስን ቀመር ተምረናል። በ1925 በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ላለው ለኦሃዮ ወንዝ ተብሎ የወጣ ነው። ፍሳሽ ከገባበት ቦታ በታች ኦክስጅኑ እስከ ምን እንደሚወርድ፣ የት ላይ እንደሚያንሰራራ ያሳያል። ፈተና ላይ ወንዙ ስም የለውም፣ «አንድ ወንዝ» ነው የሚባለው። እኔ ግን ሳሰላው ከኮምቦልቻ በታች ሐርቡ ላይ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ገበሬ ይመጣብኛል። ጨፋ ላይ ከብት የሚያጠጡ ልጆች ይመጡብኛል። ኦክስጅኑ ከሁሉ በታች የሚወርድበት ቦታ የእነሱ ደጅ ቢሆንስ?

የመመረቂያ ሥራዬን እዚሁ ላይ ልሠራ ወስኛለሁ። ናሙናውን ከደሴ በታች እወስዳለሁ፣ ከኮምቦልቻ በላይና በታች፣ ከዚያ ሐርቡ፣ ከዚያ ከሚሴ። አማካሪዬ «አንድ ቦታ ላይ ማቆም አለብሽ» ይለኛል። ልክ ነው፣ ጊዜም ገንዘብም የለም። ግን ቦርከና አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፣ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ታዲያ የት ላይ ደርሼ ነው «ከዚህ በታች ሰው የለም» የምለው?