ግምታችሁን ሳትናገሩ ምንም አትንኩ

እንደ ብዙ ወላጅ እኔም ከልጆቼ ጋር ቤት ውስጥ የሳይንስ ሙከራ የጀመርኩት በ«እሳተ ገሞራ» ነው። ብርጭቆ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ አድርጌ ኮምጣጤ ጨመርኩበት። አረፋው ገንፍሎ ወጣ። ልጆቹ ጮኹ፤ «ድገመው! ድገመው!» አሉኝ። አራት ጊዜ ደገምኩላቸው። ማታ ትልቋን ልጄን ምን እንዳወቀች ስጠይቃት «አረፋ ይወጣል» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ሠሪው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ተመልካች ነበረች።

ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣን። ግምቱን ሳይናገር ማንም ምንም አይነካም። ትልቋ 9 ዓመቷ ስለሆነ ትጽፋለች፤ የ5 ዓመቱ ወንድሟ ይሥላል። በዚህ ሕግ መጀመሪያ የሞከርነው ብርቱካን ነው። ከነልጣጩ ውሃ ላይ ተንሳፈፈ። «ሲላጥ ስለሚቀል የባሰ ይንሳፈፋል» ብለው ሁለቱም ገመቱ። ላጥነው፤ ሰመጠ። ፊታቸውን ብታዩት! በልጣጩ ውስጥ ስላለው አየር ያወራነው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄው የራሳቸው ስለነበር ጆሯቸውን ሰጡኝ።

ትልቁን ስህተቴን የሠራሁት በሻማ ነው። ጎድጎድ ባለ ሰሃን መሃል ሻማ አቁመን ውሃ አፈሰስንበት። ሻማውን ለኩሼ (እሳት የምነካው እኔ ብቻ ነኝ) ብርጭቆ ደፋሁበት። ሻማው ጠፋ፤ ውሃው ወደ ብርጭቆው ውስጥ ወጣ። እኔም ትምህርት ቤት የሰማሁትን ደገምኩ፦ «እሳቱ ኦክስጅኑን ስለጨረሰው ውሃው ባዶውን ቦታ ሞላው።»

ልጄ ትንሽ ዝም ብላ «አባዬ፣ ታዲያ እየነደደ እያለ ለምን ቀስ በቀስ አልገባም? ሽው ብሎ የገባው እኮ ከጠፋ በኋላ ነው» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ቆይ፣ እንፈትሸው» አልኳት። በዚያው ብርጭቆ ሥር በአንድ ሻማ ፈንታ ሦስት አደረግን። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያው ነው። ውሃው ግን ከበፊቱ ከፍ ብሎ ወጣ። የኔ ማብራሪያ በዚያች ቅጽበት ወደቀ። ዋናው ምክንያት ሙቀቱ ነው። እሳቱ አየሩን አሙቆ ያሰፋዋል፤ እሳቱ ሲጠፋ አየሩ ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ የውጭው አየር ደግሞ ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። ኦክስጅኑም ቢሆን ባዶ ቦታ ትቶ አይጠፋም፤ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይፈጠራል። «ተሳስቼ ነበር» አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ የምላትን ሁሉ ትፈትሻለች፤ እኔም ደስ ይለኛል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1860–61 ለንደን ውስጥ ለወጣቶች ስድስት ተከታታይ ትምህርቶችን የሰጠው ስለ አንዲት ሻማ ነበር። ድሮ ይገርመኝ ነበር። አሁን እንዴት እንደበቃችው ገባኝ።

ከሁሉ የወደድነው ግን ፔንዱለም ነው፤ በክር ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ክብደት ማለት ነው። የሚያስፈልገው ክር፣ ጥቂት ብሎኖችና ሰዓት ብቻ ነው። ክሩን 1 ሜትር አድርገን ብሎን አሰርንበት። በትንሹ ገፋ አድርገን 10 ደርሶ መልስ ቆጠርን፤ 20 ሰከንድ ገደማ ፈጀ። አንዱን ብቻ መለካት አይሆንም፤ ጣት ሰዓቱን እስኪጫን የምትባክነው ሽርፍራፊ ውጤቱን ታበላሸዋለች። ቀጥሎ «ክብደት ብንጨምርስ?» አልን። ሁለቱም «ይፈጥናል» አሉ። ሦስት ብሎኖችን አንዱን ከሌላው ሥር አንጠለጠልኩ፤ ጊዜው ረዘመ። ግራ ገባን። ለካ ክብደት ስጨምር ርዝመቱንም ጨምሬው ኖሯል! ብሎኖቹን አንድ ላይ፣ መሃላቸው እዚያው 1 ሜትሩ ላይ እንዲውል አድርገን ስናስር ጊዜው ተመልሶ 20 ሰከንድ ሆነ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ እንዳለብን ልጆቼ የተማሩት በኔ ምክር ሳይሆን በዚያ ቋጠሮ ነው።

ከዚያ ክሩን ወደ 25 ሳንቲሜትር አሳጠርነው። ልጄ በልበ ሙሉነት «ሩብ ስለሆነ 5 ሰከንድ» ብላ ጻፈች። 10 ሆነ። ደገመችው፤ አሁንም 10። ርዝመቱ በአራት ሲያንስ ጊዜው የሚያንሰው በግማሽ ብቻ ነው። ቀመሩን አልነገርኳትም፤ ይደርሳል። እስከዚያው በተለያየ ርዝመት እየለካች ሰንጠረዥ እየሞላች ነው።

አንዳንድ ቀን አይሳካም። ትንሹ ይሰለቻል፣ ውሃ ይደፋል፣ እኔም ይደክመኛል። ያኔ ሰብስበን እንተወዋለን። ከ20 ደቂቃ በላይ መግፋት ለኛ ቤት አልሠራም።

በአሁኑ ጊዜ መስኮቱ ላይ በእርጥብ ሶፍት የተጠቀለለ ባቄላ በብርጭቆ አለን። ሥሩ ወደ ታች መውረድ ጀምሯል። ትናንት ትንሹ ብርጭቆውን በጎኑ አስተኛው። እሷ «ሥሩ ይታጠፋል» ብላ ጽፋለች። እሱ ሥሩ ቀጥ ብሎ ግድግዳውን ሲወጋ ሥሏል። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም ከኔ በፊት ተነስተው መስኮቱ ሥር ነበሩ።