ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚመጣው የዕድሜ ግምት

ካንሰር ወደ አጥንት ከተዛመተ በኋላ የሚሠራ ኦፕራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ካንሰሩን ለማዳን አይደለም። ሰውየው ሕመሙ ቀሎለት፣ በእግሩ ቆሞ፣ ሽንት ቤት ራሱ ሄዶ እንዲኖር ነው። ለዚህም ነው ሰርጅኑ አስቀድሞ "ይህ ሰው ምን ያህል ጊዜ ይኖራል?" ብሎ መገመት ያለበት። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ሐኪሙ ተስፋ የቆረጠ ይመስለዋል። የአክስቴ የጡት ካንሰር ወደ ጭን አጥንቷ በተዛመተ ጊዜ እኛም ቤት የተባለው ይኸው ነበር።

ግን ግምቱ የሚያስፈልገው ኦፕራሲዮኑን ለመምረጥ ነው። የጭን አጥንት ውስጥ ረጅም ብረት ማስገባት ቶሎ ያልቃል፣ ሰውነትንም ያን ያህል አያደክምም። ችግሩ ብረቱ የሚታመነው አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ መሆኑ ነው፤ ካንሰር የበላው አጥንት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ስለዚህ ሰውየው ለዓመታት ከኖረ ብረቱ ሊላላ ወይም ሊሰበር ይችላል፣ ያኔ ሌላ ኦፕራሲዮን ይመጣል። የታመመውን ክፍል ቆርጦ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት የበለጠ ይቆያል። እሱ ግን ከበድ ያለ ነው። ጥቂት ሳምንት የቀረውን ሰው ያንኑ ጊዜ በማገገም ብቻ እንዲጨርሰው ማድረግ በደል ነው። ዓመታት ከፊቱ ላሉት ሰው ለጥቂት ወር ብቻ የሚሆን ጥገና መሥራትም እንደዚያው።

በዓይን ገምቶ መወሰን አይቻልም ወይ? ክሪስታኪስ እና ላሞንት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት 343 ሐኪሞች በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ላሉ 468 ሕመምተኞች የሰጡት ግምት ከሆነው ጋር ተነጻጽሮ ነበር። የተሳካው 20 በመቶው ብቻ ነው። 63 በመቶው ሰውየው ከኖረው በላይ ገምቷል። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ለረጅም ጊዜ ባወቀው ቁጥር ደግሞ ስህተቱ ይብስ ነበር። ጥናቱ የአጥንት ኦፕራሲዮን የሚጠብቁትን ለይቶ ያየ አይደለም፤ ግን የሰው ልብ የሚያደላው ወዴት እንደሆነ በደንብ ያሳያል። እኔ በዚህ ሐኪሞቹን አልወቅስም፣ የሚቀርቡትን ሰው ቀን መቁጠር ለማንም ከባድ ነው።

በዚህ ምክንያት ለሕመምተኛው ነጥብ እየሰጡ ቀሪ ጊዜውን የሚገምቱ መለኪያዎች ተሠሩ። የጃፓኑ ሐኪም ቶኩሃሺ ወደ አከርካሪ ለተዛመተ ካንሰር ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1990 ወጥቶ በ2005 ተሻሽሏል፤ ከ15 ነጥብ ነው የሚሰላው። ፓትኤፍኤክስ የሚባለው ደግሞ በኮምፒውተር ይሠራል፣ በ3 ወር፣ በ6 ወር፣ በ12 ወር በሕይወት የመኖርን ዕድል በመቶኛ ይሰጣል። ሁሉም የሚያዩት ነገር ይቀራረባል። ትልቁ ካንሰሩ የተነሣበት ቦታ ነው፦ ከጡት፣ ከፕሮስቴት ወይም ከታይሮይድ የመጣው ብዙውን ጊዜ ከሳንባ ወይም ከጉበት ከመጣው የተሻለ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ ሰውየው ከአልጋ ይነሳል ወይ፣ ራሱን ይችላል ወይ? ጉበት ወይም አንጎል ተነክቷል? አንዳንዶቹ ሄሞግሎቢን እና አልቡሚን የመሳሰሉ የደም ውጤቶችንም ይጨምራሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የመለኪያው ዕድሜ ነው። መለኪያ የሚሠራው ቀድሞ በታከሙ ሰዎች መረጃ ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ተለውጧል። በሳንባ ካንሰር ላይ የዘረመል ለውጥን ለይተው የሚሠሩ መድኃኒቶች ከመጡ በኋላ አንዳንድ ሰው ድሮ ከሚገመተው በላይ ይኖራል። ካታጊሪ የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሻሻል በእነዚህ መድኃኒቶች የሚታከመውን የሳንባ ካንሰር ለብቻው ያስቀመጠው ለዚህ ነው። በአሮጌ መለኪያ የተሰላ ሰው ዕድሜው አጥሮ ይታያል፣ የሚገባውም ሕክምና ሊያመልጠው ይችላል።

ምን እንደሚያመልጠው የአከርካሪውን ጉዳይ እንይ። ፓቼልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ካንሰሩ ሕብለ ሰረሰራቸውን የተጫናቸው 101 ሰዎች ነበሩ፤ ግማሹ ጨረር ብቻ፣ ግማሹ ኦፕራሲዮን ተጨምሮለት ታከመ። ከሕክምናው በኋላ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶው፣ ኦፕራሲዮን ከተጨመረላቸው ደግሞ 84 በመቶው መራመድ ችለዋል። በእግር የመሄድ ጊዜያቸው መካከለኛ ቁጥርም (ሚዲያን) ጨረር ብቻ ላገኙት 13 ቀን፣ ኦፕራሲዮን ለተጨመረላቸው 122 ቀን ነው። ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ግን ቢያንስ 3 ወር ይኖራል ተብሎ መገመት ያስፈልግ ነበር። ግምቱ በር ላይ ቆሞ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚል ነገር ነው ማለት ነው።

ሐኪሙ "ዓመት የመድረስ ዕድሏ 40 በመቶ ነው" ካላችሁ፣ እንደ እሷ ካሉ መቶ ሰዎች 40ዎቹ ያኔ በሕይወት ይኖራሉ ማለቱ ነው። እሷ ከ40ዎቹ ትሁን ከ60ዎቹ ቁጥሩ አያውቅም። በየትኛው መለኪያ እንደተሰላ ጠይቁ። አሁን የምትወስደው መድኃኒት ግምት ውስጥ ገብቷል ወይ በሉ። ያልተሞከረ ሕክምና ካለ የኦንኮሎጂስቱ (የካንሰር ሐኪሙ) ሐሳብ ሳይሰማ ውሳኔው እንዳያልቅ። ቁጥሩ ዝቅ ካለም ኦፕራሲዮን የለም ማለት አይደለም፤ የተሰበረ ጭን ባለበት ሲቀር ልብስ መቀየርና ጎን ማገላበጥ እንኳ ያስጮኻል፣ ስለዚህ ኦፕራሲዮኑን የሚችል አቅም ካለ ጥቂት ሳምንት ለቀረውም ሰው ብረት ይገባለታል።