ጀርመን ውስጥ ጥርስ ልታሠሩ ከሆነ ስለ ምርመራ ደብተሯ ማኅተም ልንገራችሁ

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

በ2004 በወጣው የጤና ማሻሻያ ብዙ ነገር ከሕዝብ ጤና መድን ሽፋን ወጥቷል። መነጽር ለአዋቂ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከ2017 ወዲህ ቁጥሩ ከ6 ዳይኦፕተር (የሌንስ መለኪያ) ሲበልጥ፣ ወይም አስቲግማቲዝሙ (የዓይን ቅርጽ መዛባቱ) ከ4 ሲበልጥ ነው፤ ፍሬሙ ግን ሁልጊዜ ከኪስ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒትም በአብዛኛው የሚከፈለው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ብቻ ነው። ሐኪሙ አረንጓዴ ወረቀት ከሰጣችሁ ምክር ነው፣ ሂሳቡን የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ጥርሱ ነው። ከ2005 ጀምሮ ክራንከንካሰ (የሕዝብ ጤና መድን ድርጅቱ) የሚሰጠው ቁርጥ ድጎማ ነው። የሚታየው የጥርሱ ችግር እንጂ የመረጣችሁት ሥራ አይደለም። ለዚያ ችግር መደበኛ ተብሎ የተቀመጠው ሥራ ዋጋ 60 በመቶውን ይሰጣሉ። ኋላ ያለ መንጋጋ ከሆነ መደበኛው ተራ የብረት ክሮነ (ጥርሱ ላይ የሚገጠም ሽፋን) ነው። እሱ 400 ዩሮ ቢወጣ 240 ታገኛላችሁ። ነጩን የሴራሚክ በ900 ብትመርጡም ያው 240 ነው፤ 660ው የእናንተ።

ድጎማውን የምታሳድገው ቦኑስሄፍት የምትባል ደብተር ናት። በየዓመቱ አንዴ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ታይታችሁ ማኅተም ካስመታችሁ፣ ሥራው ከሚጀመርበት ዓመት በፊት ባሉት 5 ተከታታይ ዓመታት 70 በመቶ፣ በ10 ደግሞ 75 በመቶ ይሆናል። የዘንድሮው ማኅተም ለዘንድሮ ሥራ አይቆጠርም፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። እኔ አራት ይዤ የዲሴምበሩን ቀጠሮ ወደ ጃንዋሪ አዛወርኩ። ጸሐፊዋ «ምንም አይደል» አለችኝ። ነበር እንጂ! ዓመቷ ባዶ ቀረች፣ ቆጠራውም ከዜሮ ተጀመረ። የ10 ዓመት ደብተር ያለው ሰው አንድ ዓመት ቢያመልጠው በቂ ምክንያት ካለው ይማሩታል፤ የ5 ዓመቱን ግን አይምሩም። ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

«በዓመቱ ውስጥ በፈለጋችሁት ጊዜ» ይላሉ፤ አትስሙ። ምርመራውን እስከ ፌብሯሪ ጨርሱት። ደብተሯ ብትጠፋም አትደንግጡ፣ የቀድሞው ሐኪም ከመዝገቡ አይቶ ይሞላላችኋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሕክምናና የወጪ ዕቅዱ በክራንከንካሰ መጽደቅ አለበት። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ወይም ቡርገርገልድ (ገቢው ለማይበቃው የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ) ወይም ባፎግ (የተማሪዎች ድጋፍ) የምታገኙ ከሆነ፣ ያኔውኑ ሄርተፋል (የችግረኛ ልዩ ሁኔታ) ብላችሁ አመልክቱ፤ መደበኛው ሥራ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። ሐኪሙ የሴራሚኩን ስምምነት ሲያቀርብላችሁ በዚያው ቀን አትፈርሙ። «የመደበኛው ዋጋ ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁና ወረቀቱን ይዛችሁ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።