ጂፍ ስክሪን ሪከርድ ላይ ለምን ቀጥ ብሎ ይቆማል?

የቀዳችሁትን ቪዲዮ ስትከፍቱ ጂፉ እንደ ፎቶ ቀጥ ብሎ ከጠበቃችሁ፣ መቅጃ ፕሮግራሙን ለማጥፋት አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ ነገር እዩ። እየቀዳችሁ ሳለ ጂፉ ስክሪኑ ላይ ይንቀሳቀሳል ወይስ እዚያም ቆሟል? ይህን ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ድካም ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይም ከቆመ መቅጃው ምንም ጥፋት የለበትም። ጂፍ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚወስነው መረጃ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ያ መረጃ ከሌለ አንዴ ይጫወትና የመጨረሻው ፍሬም (ጂፉን ከሚሠሩት ተከታታይ ምስሎች የመጨረሻው) ላይ ያበቃል፣ እናንተ ሪከርድን እስክትጫኑ ድረስ ጨርሷል ማለት ነው። ፓወርፖይንት ላይ ከሆነ ስላይድ ሾው ውስጥ ገብታችሁ ሞክሩ። አይፎን ላይ ደግሞ ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ አክሰሰቢሊቲ ውስጥ፣ ሞሽን በሚለው ስር፣ ተንቀሳቃሽ ምስሎች በራሳቸው እንዳይጫወቱ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እሱንም እዩት።

ሰውን በጣም የሚያደናግረው ግን ሌላ ነው። ክሮም መስኮቱ ሙሉ በሙሉ በሌላ መስኮት ከተሸፈነ ገጹን መሳል ያቆማል፣ ማንም አያየውም ብሎ ጉልበት ለመቆጠብ። እና መቅጃውን ወይም ማስታወሻችሁን ብራውዘሩ ላይ ደርባችሁ ስትቀዱ ጂፉ ይቆማል፤ ምን ሆነ ብላችሁ ብራውዘሩን ወደ ፊት ስታመጡት ደግሞ መጫወት ይጀምራል! ስለዚህ ስታጣሩ መስኮቶቹ በምትቀዱበት ጊዜ እንደነበሩ ይሁኑ። የብራውዘሩ ጥግ እንኳ ቢታይ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጂፉ እያያችሁት እየተንቀሳቀሰ ቪዲዮው ላይ ብቻ ከቆመ ያኔ ወደ መቅጃው ሂዱ። ዊንዶውስ ላይ ኦቢኤስ በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም አንድ መስኮት ብቻ የምትቀዱ ከሆነ ካፕቸር ሜተድ (የመቅጃ ዘዴ) የሚለውን ክፈቱ። ቢትብሊት የተባለው የቆየ ዘዴ ሃርድዌር አክስለሬሽን (ምስል የመሳሉን ሥራ ለግራፊክስ ካርዱ መስጠት) የሚጠቀም ብራውዘርን በደንብ አይቀዳም፣ ወይ ጥቁር ወይ የቆመ ምስል ይሰጣችኋል። ዊንዶውስ 10 ወደሚለው ቀይሩት። ካልሆነ የብራውዘሩን ሃርድዌር አክስለሬሽን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሱት።

ሳይቆም እየዘለለ ከሄደ ነገሩ የፍሬም ሬት፣ ማለትም በሰከንድ የሚቀዳው የፍሬም ብዛት ነው። የጂፍ ፍሬም ቆይታ የሚለካው በሰከንድ 1/100ኛ ነው። ቆይታው 2 ከሆነ በሰከንድ 50 ፍሬም ያሳያል፣ በ15 ከቀዳችሁት አብዛኛው ይጠፋል። ለተለመደው ጂፍ 30 ይበቃል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈጣን ግን 60 አድርጉት።

ጂፉን በኋላ ኤዲት ስታደርጉ ቪዲዮው ላይ የምትጨምሩት ከሆነ እኔ ሁሌም መጀመሪያ ወደ ኤምፒ4 እንድትቀይሩት ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም አንዳንድ ኤዲተሮች ጂፍን እንደ ተራ ፎቶ ነው የሚያስገቡት። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል። ስፋቱና ቁመቱ ግን በፒክስል ሙሉ በሙሉ ለ2 የሚካፈል ይሁን፤ 501 ከሆነ ወደ 500 አውርዱት፣ አለዚያ በተለመደው የኤች264 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) አሠራር ስህተት አሳይቶ ይቆማል።