17 ባይት ያለፈ የዘይት ስም

በሲፕላስፕላስ የተጻፈ፣ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ የሱቅ ሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው። የዕቃ ስሞች በእንግሊዝኛ ሳሉ ችግር አልነበረበትም። ወደ አማርኛ ሲቀየሩ ግን ደረሰኝ ካተመ በኋላ አንዳንዴ ድንገት ይዘጋ ጀመር። የክራሽ ዳምፑ (ፕሮግራሙ ሲዘጋ የነበረበትን ሁኔታ የሚይዘው ፋይል) የሚያሳየው በማተሚያው ኮድ ውስጥ ያለ አንድ ተራ የፍሪ (ሜሞሪ የመልቀቂያ) ጥሪ ስለነበር ጥፋቱ በፕሪንተሩ ድራይቨር ተላከከ፤ ድራይቨሩ ቢቀየርም ለውጥ የለም። ሂፕ (ፕሮግራሙ እየሠራ ሜሞሪ የሚመድብበት ክፍል) ሲበላሽ እንዲህ ነው፤ አበላሹ ሄዷል፣ የሚያዘው በኋላ የደረሰው ነው።

ስህተቱ ያለበትን ትክክለኛ የኮድ መስመር ያወጣው ፔጅ ሂፕ የተባለው የዊንዶውስ የሂፕ መመርመሪያ ዘዴ ነው። በጂፍላግስ (የዊንዶውስ የምርመራ ቅንብር መሣሪያ) ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ሙሉ ፔጅ ሂፕ ሲበራ እያንዳንዱ የሜሞሪ ምደባ የሜሞሪ ገጽ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጣዩን ገጽ መንካት የተከለከለ ነው። ትርፍ ባይት ሲጻፍ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። ለ32 ባይት ቢያንስ ሁለት ባለ 4 ኪሎባይት ገጽ ስለሚሄድ ሜሞሪ ይበላል፤ የሙከራ ማሽን ላይ ብቻ ይብራ፣ ሲያበቃም ይጥፋ። ኮዱ በእጅ ካለና ቪዥዋል ስቱዲዮው 2019 ስሪት 16.9 ወይም አዲስ ከሆነ የሜሞሪ ስህተት የሚይዘው የኮምፓይለሩ አድሬስ ሳኒታይዘር ይመረጣል፤ የጻፈውንም የመደበውንም መስመር ያሳያል።

ፕሮግራሙ የቆመው የዕቃው ስም ወደ መያዣው የሚገለበጥበት ቦታ ላይ ነው። መያዣው 32 ባይት፤ ከፊቱ ቁምፊ የሚቆጥር የርዝመት ፍተሻም አለው። «የታሸገ የተጣራ የምግብ ዘይት» ከነክፍተቱ 18 ቁምፊ ስለሆነ ፍተሻው አሳለፈው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ወደ ባይት የሚቀየሩበት አጻጻፍ) ግን አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ 15 ፊደል 45፣ ክፍተቶቹ 3፣ መዝጊያው ዜሮ 1፣ ድምር 49። ትርፉ 17 ባይት የጎረቤቱ ምደባ ራስጌ (ሂፑ ስለ ምደባው የሚይዘው መረጃ) ላይ ተጻፈበት። «የተፈጨ ቀይ በርበሬ» ደግሞ 33 ይሆናል። እሱም ከ32 ያልፋል፤ ነገር ግን አንዷ ባይት ከምደባው ኋላ ባለው ትርፍ ቦታ ላይ ስለምታርፍ በርበሬ ሲሸጥ ምንም አይታይም። ምርመራውን ያወሳሰበው ይኸው ነበር።

መያዣውን 128 ማድረግ ችግሩን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። በባይት ቁጥር መቁረጥም ፊደሉን መሀል ላይ ይሰነጥቀውና ደረሰኙ ላይ የጥያቄ ምልክት ያስወጣል፤ መቁረጥ ግድ ከሆነ የሚጣለው የመጀመሪያ ባይት በ«10» (አንድ እና ዜሮ) ቢቶች እስከጀመረ ድረስ ወደ ኋላ መመለስ ነው። የተሠራው ማስተካከያ ጽሑፍን ወደ ዩቲኤፍ-8 የሚቀይረውን የዊንዶውስ ጥሪ መጀመሪያ በ0 የመያዣ መጠን ጠርቶ የሚያስፈልገውን ባይት መጠየቅ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል መመደብ ነው። የግብዓቱ ርዝመት -1 ተብሎ ከተሰጠ መዝጊያው ዜሮ አብሮ ይቆጠራል፤ ትክክለኛው ርዝመት ከተሰጠ ግን አይቆጠርም፣ 1 መጨመር የፕሮግራመሩ ፋንታ ነው።